ስም የሌለው ማዳበሪያ፦ የመኖና የእንስሳት መድኃኒት ነገር በጋምቤላ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 በሳውዲ አረቢያ፣ ዋዲ አድ-ደዋሲር አካባቢ፣ ግመሎች በመንጋ ይረግፉ ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ተላላፊ በሽታ ነበር። መንግሥት የሞቱትን ወደ 2,000 ገደማ ሲያደርሳቸው ባለንብረቶቹ ቁጥሩ ከዚያ በብዙ ይበልጣል ብለው ተከራከሩ። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ምርመራውን ሲጨርስ ጣቱን በስንዴ ፉርሽካ ላይ ቀሰረ። ፉርሽካው ውስጥ ሳሊኖማይሲን ተገኝቷል፤ ሻጋታም አብሮት ነበር። ሳሊኖማይሲን ደግሞ መድኃኒት ነው። ዶሮ አርቢዎች ጫጩቶቻቸውን ደም ከሚያስቀምጠው ኮክሲዲዮሲስ ለመጠበቅ ከመኖ ጋር በየቀኑ የሚሰጡት፣ በብዙ አገር ሕግ የተፈቀደ መድኃኒት።

ይህን ታሪክ ይዞ ጋምቤላ መግባት ለአንዳንዱ አንባቢ ነገር ፍለጋ ይመስለው ይሆናል። የጋምቤላ ከብት በአብዛኛው የፋብሪካ መኖ አያውቅም። በላሬ፣ በጂካዎና በዋንቱዋ የኑዌር መንጋ ባሮ ሲሞላ ወደ ከፍታው ይሸሻል፤ ሲጎድል ወንዙ ትቶት ወደሄደው ለምለም ሣር ይመለሳል። ጥያቄው ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። መድኃኒት ወደ ጋምቤላ ይገባል፤ በብዛትም ይገባል። ለከተማዋ ዶሮና ለጥቂት የወተት ላሞች የሚሆን የተፈጨ መኖም ከመሐል አገር በመኪና ይመጣል። የሁለቱም አደጋ የሚጀምረው የመኖው ማዳበሪያ ወይም የመድኃኒቱ ከረጢት ምን እንደያዘ የሚናገረው ጽሑፍ ከይዘቱ ሲለይ ነው። ሌላውን ሁሉ የማየው ከዚህ በኋላ ነው።

ከመኖው እንጀምር። ሳሊኖማይሲን አዮኖፎር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ሞኔንሲን፣ ላሳሎሲድ፣ ናራሲንና ማዱራማይሲን ወንድሞቹ ናቸው። ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው። እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉትን ማዕድናት በሕዋስ ሽፋን በኩል እያሾለኩ የጥገኛ ተሕዋሲውን የውስጥ ሚዛን ያፈርሳሉ። ልክ ሲያልፉ ይኸንኑ በእንስሳው በራሱ የልብና የጡንቻ ሕዋስ ላይ ይደግሙታል። ልኩ ደግሞ ከእንስሳ እንስሳ እጅግ ይለያያል። ሞኔንሲን ከወሰዱት መካከል ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ለዶሮ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 200 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ለፍየል ወደ 26፣ ለበግ ወደ 12 ይወርዳል። ለፈረስ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ይበቃል።

ይህን በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። በአንድ ቶን የዶሮ መኖ ውስጥ 100 ግራም ሞኔንሲን ገባ እንበል፤ ያልተለመደ መጠን አይደለም። እያንዳንዱ ኪሎ መኖ 100 ሚሊግራም ያዘ። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከዚህ 5 ኪሎ ቢበላ 500 ሚሊግራም ወሰደ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 2 ሚሊግራም ደረሰው፤ ሞት አፋፍ ላይ ቆመ። አሁን ደግሞ ፋብሪካው የዶሮውን መኖ ካወጣ በኋላ ማደባለቂያውን በደንብ ሳያጸዳ የፈረስ መኖ ቢሠራና ከፊተኛው 1 በመቶ ቢቀላቀልበት፣ ያው ፈረስ ከ5 ኪሎ የሚያገኘው 5 ሚሊግራም ብቻ ነው። በዚህ አይሞትም።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ብዙዎች ከሚያስቡት ይለያል። በማሽን ጥግ ተጣብቆ የሚቀረው ትራፊ በራሱ መንጋ የሚጨርስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የሚገድለው የዶሮው ማዳበሪያ ሙሉውን ለሌላ እንስሳ ሲሰጥ፣ ወይም ፕሪሚክስ የሚባለው የመድኃኒትና የቪታሚን ድብልቅ ሚዛኑ ስቶ ሲገባ፣ ወይም በወጉ ሳይደባለቅ አንዱ ጥግ ላይ ሲከማች ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ለእነዚህ የኮክሲዲያ መድኃኒቶች ትራፊ ጣሪያ ሲያበጅ መለኪያ ያደረገው ለታለመለት እንስሳ ከሚፈቀደው መጠን በግምት ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ነው። ጣሪያው የወጣው ፈረስ እንዳይሞት ብቻ ተብሎም አልነበረም፤ ወተትና እንቁላል ላይ የሚደርሰውንም ለመገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ለ24 ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ተመሳሳይ ጣሪያ ተጨመረ፤ የዚህኛው ዓላማ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን መከላከል ነው።

የተመረዘው እንስሳ መጀመሪያ መኖውን ይተዋል። ፈረስ ያልበዋል፣ ሆዱን እንደቆረጠው ያደርገዋል፣ ኋላ እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ ልቡ ይዛባል። አንዳንዱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ወድቆ ይገኛል። ከሞት የተረፈውም ተረፈ ብሎ መጽናናት አይቻልም፤ ልቡ ጠባሳ ይዞ ይቀራልና ከሳምንታት በኋላ ሥራ ላይ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ለመርዙ ማርከሻ የለም። መኖውን ማስቆም፣ እንስሳውን ማሳረፍ፣ ከሰል በውኃ አድርጎ ማጠጣት፣ ፈሳሽ መስጠት፤ ከዚህ ያለፈ የሚደረግ ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዶሮ አርቢው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ስለሆነ። ለመተንፈሻ በሽታ የሚሰጥ ታያሙሊን የሚባል መድኃኒት አለ። ብቻውን ደህና ነው። ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን ያለበትን መኖ እየበሉ ላሉ ዶሮዎች ሲሰጥ ግን ጉበታቸው አዮኖፎሩን እንዳያስወግድ ያግደዋል፤ ትናንት ልክ የነበረው መኖ ዛሬ መርዝ ይሆናል። ማዳበሪያው ላይ ምን እንዳለ ካልተጻፈ አርቢው መድኃኒቱ ገደለብኝ ይላል፤ መድኃኒት ሻጩ መኖው ነው ይላል፤ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል።

መኖን የሚበክለው የእንስሳ መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስና በቤልጂየም የተነሳው ጉድ ነው። አየርላንድ ውስጥ ከሚገኝ የሰው መድኃኒት ፋብሪካ የወጣ፣ የሆርሞን እንክብሎች የተለበጡበት የስኳር ዝቃጭ፣ ሊወገድ ሲገባው ወደ ጣፋጭ ፈሳሽ ተለውጦ የአሳማ መኖ ውስጥ ገባ። አሳማዎቹ አልሞቱም፤ መውለድ አቆሙ። ነገሩ የተጋለጠውም በዚሁ ነው። መርዝ ሁልጊዜ በሬሳ አይታወቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሕጉ አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ መኖና መድኃኒት በአንድ አዋጅ መያዛቸው በራሱ አስተዋይነት ነው። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን ሥራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተጠቃልሏል። ቃሊቲ ደግሞ የመድኃኒትና የመኖ ጥራት የሚመረመርበት ማዕከል አለ። የመኖ ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው የተሰባሰቡት በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ ስለሆነ የተቆጣጣሪው ዓይንም በዚያው ማተኮሩ አይገርምም።

በኢትዮጵያ መኖ ውስጥ በማስረጃ የተረጋገጠው ትልቁ መርዝ ግን መድኃኒት ሳይሆን አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ጥናት 110 የወተት ናሙናዎች ወስዶ በሁሉም ውስጥ አገኘው። ከአውሮፓ ጣሪያ በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። አብረው የተመረመሩት 156 የመኖ ናሙናዎችም በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም የአፍላቶክሲን ዝርያ ተገኝቶባቸዋል፤ ዋና ተጠርጣሪው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህን እዚህ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሳውዲው ፉርሽካም መድኃኒቱንም ሻጋታውንም ይዞ ነበር። ባሮ በክረምት ሞልቶ ኢታንግንና ላሬን ሲያጥለቀልቅ፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ እንዳደረገው ማለት ነው፣ የራሰ በቆሎ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለዶሮና ለጥጃ ይጣላል። ስለዚህ ጋምቤላ ውስጥ መኖ በልታ የሞተች ዶሮ ብትገኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሻጋታን ነው፤ ሳሊኖማይሲን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የጋምቤላ የራሷ ታሪክ ግን ያለው መርፌው ጋ ነው። ክልሉ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ አገር ነው። ገንዲን የምታስተላልፈው የጸጼ ዝንብ በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ዳርቻ ደን ውስጥ ትኖራለች። የአኝዋ ሰው ከከብት ይልቅ በእርሻና በዓሣ የጸናበት አንዱ ምክንያት እሷ እንደሆነች ይነገራል፤ ኑዌር ደግሞ ዝንቧ በምታንስበት ሜዳ ላይ ከብቱን ያበዛል። ሰውን የሚይዘው የእንቅልፍ በሽታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀውም በዚሁ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከብቱ ከገንዲ ጋር የሚኖረው በሁለት መድኃኒቶች ነው፦ ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም።

ዲሚናዚንን ጠጋ ብለን እንየው። የተለመደው ከረጢት ከመዳፍ የሚያንስ ነው፤ በውስጡ 2.36 ግራም ቢጫ ዱቄት አለ። ከዚህ ውስጥ መድኃኒቱ 1.05 ግራም ነው፤ የቀረው የትኩሳትና የሕመም ማስታገሻ ነው። በ15 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ 300 ኪሎ ለሚመዝን ከብት በጡንቻ ይወጋል። በኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊግራም ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከረጢቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ፣ ከድንበር ማዶ ከመጣም አንዳንዴ በአረብኛ። የሚገዛው ሰው የሚናገረው ኑዌርኛ ወይም አኝዋኛ ነው። ክልሉ የሚሠራበት አማርኛ እንኳ ከረጢቱ ላይ የለም።

እንግዲህ ሻጩ ከረጢቱን ከፍቶ በብልቃጥ ሲከፋፍለው ምን ይሆናል? ገንዘብ ያጠረው አርብቶ አደር አንዱን ከረጢት ለሁለትና ለሦስት ከብት ያካፍላል። ከብቱ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ የገንዲው ጥገኛ ተሕዋሲ ግን መድኃኒቱን ይለምደዋል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የገንዲ መድኃኒቶችን አጠቃቀምና ጥራት የፈተሸው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሁለቱንም ጉድለት አንድ ላይ አግኝቷል፤ ያለ አግባብ መወጋትንም፣ ከደረጃ በታች የሆነ መድኃኒትንም። ሌላው አርብቶ አደር ደግሞ፣ ያለፈው መርፌ አልሠራም ብሎ፣ መጠኑን በእጥፍ ይወጋል። ዲሚናዚን ከብቶች ይታገሱታል የሚባል መድኃኒት ነው፤ ለውሻና ለግመል ግን ልኩ ጠባብ ነው፤ በእጥፍ ሲሰጥ አንጎል ይነካል። አይሶሜታሚዲየም ደግሞ ቀይ ዱቄት ነው። ከብትን ለወራት ከገንዲ የሚጠብቀው የተወጋበት ሥጋ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ነው። የተወጋበት ቦታ ያብጣል። ከብቱ ከታረደ ያ እብጠት ያለበት ጎን መድኃኒቱን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው።

ከዚህ ላይ «መኖ» የሚለውን ሰፋ አድርጎ ማሰብ ግድ ይሆናል። በኑዌር መንደር የጥጃ መኖ የእናቱ ወተት ነው። ቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን የተወጋች ላም ወተቷ ለቀናት መድኃኒት ይዞ ይወጣል፤ ጥጃው ይጠባዋል፣ ሰውም ይጠጣዋል። ጥጃውን አይገድለውም። አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጀርሞች ግን ያለማምዳል። ወተቱን ለማርጋት የምታስቀምጥ እናት ነገሩን ከላቦራቶሪ ቀድማ ልታውቀው ትችላለች፤ አንቲባዮቲክ የያዘ ወተት እርጎ ለመሆን እንቢ ይላል፣ የሚያረጋው ባክቴሪያ ስለሚሞት። ወተቱን ማፍላትም አያድንም፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በመፍላት ሙሉ በሙሉ አይጠፉም። ለዚህ ነው ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለዲሚናዚን በወተት ውስጥ በኪሎ 150 ማይክሮግራም፣ በሥጋ ውስጥ 500 ማይክሮግራም ጣሪያ ያደረገው። የመጠበቂያ ጊዜውን፣ ማለትም ከመርፌ በኋላ ወተት ሳይሸጥና ከብት ሳይታረድ የሚቆይበትን ቀን፣ የሚናገረው ያው ደቃቅ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚጎዳው ወተቱ የቤተሰቡ ዋና ምግብ የሆነበት አርብቶ አደር ነው፤ ሰባት ቀን ወተቱን ድፋ ማለት ሰባት ቀን ጹም ማለት ነው። ይህን የማይመዝን ምክር ሰሚ አያገኝም፤ ባይሰማም አይፈረድበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በአንድ ቀን ብዙ ከብት ሊገድል የሚችለው ግን መዥገርና ዝንብ ለማጥፋት የሚረጨው ነው። ዲያዚኖንና መሰሎቹ፣ አልፎም ለሰብል የተሠራ ማላታይን፣ በአንድ ባልዲ ይበጠበጣሉ፤ ባልዲው ሳይታጠብ ለውኃ ይውላል፤ የኬሚካሉ ባዶ ማዳበሪያ ፉርሽካ ይያዝበታል። ይህ መመረዝ በፍጥነት ይለያል፤ ከብቱ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ለመተንፈስ ይቸገራል። አዮኖፎር የሌለው ዕድል እዚህ አለ፤ አትሮፒን በጊዜው ከደረሰ ያድናል። ማዳበሪያ ውድ ዕቃ ስለሆነ ማንም አይጥለውም። ቀድሞ ምን እንደያዘ ለማወቅ ግን ማንበብ ወይም ማሽተት ያስፈልጋል፤ ማሽተት ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃም።

ጋምቤላ ውስጥ ከብት በድንገት ሲወድቅ «ተመረዘ» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ጎረቤትና ጎረቤት ሲጠረጣጠር ደግሞ የከፋ ይመጣል። አባሰንጋ በድንገት ይገድላል፤ ደም ካፍንጫና ከፊንጢጣ ሲፈስ ከታየ ሬሳውን መክፈት ክልክል ነው። ድርቅ የመታው ወይም ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቆጠ ለጋ ማሽላ ሳያናይድ ይይዛል፤ ከብት ገብቶ ሲግጠው በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፣ ደሙም ደማቅ ቀይ ይሆናል። ገንዲ ራሱ ቀስ እያለ ያከሳና በመጨረሻ ሲጥል በቅርቡ በተወጋ መድኃኒት ይሳበባል። እንዲህ ያለውን ግምት የሚፈታው ናሙና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መንገዱ ይረዝማል። ከጋምቤላ ወደ ጎሬና መቱ የሚወጣው መንገድ በደሌ ያደርሳል፤ በደሌ የክልል እንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ለበሽታ ይጠቅማል። የመድኃኒት ቅሪትን በመኖ ውስጥ በረቂቅ መሣሪያ መለካት ሲያስፈልግ ግን ነገሩ ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ተቋም ወይም ወደ ቃሊቲ ይዞራል፤ ከጋምቤላ ከተማ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። የጋምቤላ ሙቀት ደግሞ ናሙና አይታገስም፤ ጉበትና የሆድ ይዘት በበረዶ ካልተያዙ በአንድ ቀን ይበላሻሉ።

መኖ ግን አይበላሽም፤ ቢበላሽም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ለወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የምመክረው ከሬሳው በፊት ማዳበሪያው ጋ እንዲሄድ ነው። እንስሳው ከበላበት ማዳበሪያ አንድ ኪሎ፣ ካልተከፈተውም ካለ ሌላ አንድ ኪሎ፣ በደረቅ ወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ይያዝ። ማዳበሪያው ላይ የተሰፋው ወረቀት በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ወረቀት ከሌለም አለመኖሩ ይመዝገብ። ማን መቼ ከየት ገዛው፣ ሌላ ማን ገዛ፣ የሌላው ሰው ዶሮ ወይም ፍየል ደህና ነው ወይ፣ ባለፈው ሳምንት ምን ተወጋ፤ እነዚህ አምስት መስመር የማይሞሉ ጥያቄዎች ናቸው። የሳውዲው ምርመራ ከተላላፊ በሽታ ወደ ፉርሽካ የዞረውም የበላውና ያልበላው መንጋ ሲነጻጸር ነው ብዬ አምናለሁ።

ቸርቻሪውም የሚችለው ነገር አለ፤ ማዳበሪያ ከፍቶ በጣሳ ሲሸጥ መለያ ወረቀቱን ቀዶ አይጣል፣ ከሚሸጥበት ዕቃ ላይ ይለጥፈው። የዶሮ መኖ የያዘ ዕቃ የዶሮ ሥዕል ይኑርበት፤ ሥዕል በኑዌርኛም በአኝዋኛም ይነበባል። ለከረጢቱ መድኃኒት ደግሞ አስመጪው በአማርኛ መጻፍ እንዲገደድ ማድረግ የባለሥልጣኑ ሥልጣን ነው። የሚቀረው ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ከላሬ አንድ ኪሎ ፉርሽካ ሰበታ ድረስ ለመላክ የአውቶቡስ ጭነትና የምርመራ ወጪ አለ። ፍየሉ የሞተበት አርብቶ አደር ይክፈል ከተባለ ናሙናው ላሬ ይቀራል፤ የክልሉ እንስሳት ጤና በጀት በዓመት ለጥቂት ናሙናዎች እንኳ መስመር ቢኖረው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ማዳበሪያዎች መንገድ ይጀምራሉ።